ስለ አራተኛው ክፍለ ጊዜ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር

ግልባጭ፦ ለተማሪዎች አማካሪዎች ክፍል እና ለትምህርት ወረዳው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት

አመልካቾች፦ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ካውንቲ የምንኖር፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤቱ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ ልጆቻችን ከኢንጂነሪንግና ሮቦቲክስ ተመራጭ ትምህርት ስለመቅረታቸው



ይህን ማመልከቻ የጻፍነው በአማርኛ ነው፤ የሆዳችንን ሳናጎድል መናገር የምንችለው በእሱ ነውና። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚችሉት ተርጉመው አያይዘውታል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ ቃላችን የአማርኛው ነው።

አቤት ሊል የመጣ ሰው ውለታ የረሳ እንዳይመስል አንድ ነገር አስቀድመን እናስመዝግብ። ብዙዎቹ ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት ሲገቡ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠይቁበት ቃል እንኳ አልነበራቸውም። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራኑ እጃቸውን ይዘው አዙረዋቸዋል፤ የምሳ ሰዓታቸውን ትተው አስጠንተዋቸዋል። ይህ አቤቱታ በእነሱ ላይ የቀረበ አይደለም። እንዲያውም ከምንጠይቀው ነገር አንዱ የእነሱ ሰዓት በምንም ምክንያት እንዳይቀነስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቀኑ በሰባት ክፍለ ጊዜ ተከፍሏል። አራቱን ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ትምህርት ይወስዱታል፤ ሌላ አንዱ የስፖርትና የጤና ነው። ለልጁ ምርጫ የሚተርፉት ሁለት ናቸው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪነት ለተመዘገበ ልጅ ግን ከሁለቱ አንዱ ለእንግሊዝኛ ማጎልበቻ፣ ልጆቹ ኢኤስኤል ለሚሉት ትምህርት፣ ይያዝበታል። የንባብ ውጤቱ ዝቅ ካለ ሁለተኛውም ለንባብ ድጋፍ ይሄዳል። አንድ ክፍለ ጊዜ የተረፈችላት ልጅ እንኳ ሮቦቲክስ ልምረጥ ብትል አትችልም። ሮቦቲክስ የሚሰጠው በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ መምህር፣ በአንድ ክፍል፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ከልጆቻችን የሚበዙት የተመደቡበት የመካከለኛ ደረጃ ኢኤስኤልም በዚያው በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ይሰጣል።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪ ሮቦት አይነካም የሚል ደንብ የትም አልተጻፈም። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ተቀምጦም አልወሰነውም። ሁለት ትምህርቶች በአንድ ሰዓት ላይ ተደረቡ፤ የቀረው ሁሉ በራሱ ሄደ። ይሁን እንጂ ማንም ያልወሰነው በደል ከተወሰነው ይልቅ ይከብዳል፤ አቤት የሚባልበት ባለቤት የለውምና። አማካሪዋን ስንጠይቅ ስኬጁሉ ነው ትለናለች። ስኬጁሉን የሚሠሩትን ስንጠይቅ የመምህር ቁጥር ነው ይሉናል። መምህሩን ስንጠይቅ እሱ ማንንም ከልክሎ እንደማያውቅ ይነግረናል፤ እውነቱን ነው። ወደ እርስዎ የመጣነው የሁሉም ክር የሚገናኘው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው።

ልጆቻችን ከኢኤስኤል ክፍል ፈቃድ ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ በሮቦቲክስ ክፍሉ በር መስታወት ወደ ውስጥ ያያሉ። ማን እንዳለና ማን እንደሌለ የነገሩን እነሱ ናቸው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ስፓኒሽ እየተናገሩ ያደጉና ገና ከኢኤስኤል ፕሮግራሙ ያልወጡ ልጆችን እዚያ ውስጥ አያዩም። ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው፤ ሆኖም በልጅ ዓይን ብቻ እንዲፈረድ አንጠይቅም። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ እጅ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት በሮቦቲክስ ክፍል ከተመዘገቡት ውስጥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪነት የተመዘገቡት ስንት እንደሆኑ፣ የማንም ልጅ ስም ሳይጠቀስ፣ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቅጽ መናገር ግድ ይለናል። ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። እኛም እውነቱን ጻፍን፤ አማርኛ። በዚያች መልስ ምክንያት ልጁ ይፈተናል፤ ካላለፈ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪነት ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ዊዳ (WIDA) ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይቀመጣል፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይለካል። ከልጆቻችን ከፊሎቹ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ ናቸው። ከፊሎቹ ግን እዚሁ የተወለዱ ናቸው። እርስ በርሳቸው የሚጣሉት በእንግሊዝኛ ነው። አያታቸው በስልክ በአማርኛ ስታናግራቸው የሚመልሱላት በእንግሊዝኛ ነው። የመጻፍ ውጤታቸው ወደ ኋላ ስለቀረ ግን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪ እንደተባሉ 8ኛ ክፍል ይደርሳሉ። በፈተናው ላይ ክርክር የለንም፤ መጻፍ ካልቻሉ ይማሩ። የሚያሳፍረን ከዚህ የተነሣ በመካከላችን የገባው ምክር ነው። አዲስ የመጣች እናት ቡና ላይ ተቀምጣ ስለ ምዝገባ ስትጠይቅ፣ “እኅቴ፣ ቅጹ ላይ እንግሊዝኛ ብለሽ ሙይ፤ አለዚያ ልጅሽ የሚመርጠው ነገር አይኖረውም” ትባላለች። ይህን ምክር እንዳንሰጥ እርስ በርሳችን ተነጋግረናል። ነገር ግን እውነቱን የጻፈ የሚጎዳበት፣ የዋሸ የሚጠቀምበት አሠራር እስካለ ድረስ ምክሩ አይቆምም፤ ይህን ልናሳውቅዎ ይገባል።

ስለ ትምህርቱ ራሱ ደግሞ እንናገር። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሮቦት ሲባል ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” ያሉም አልጠፉም። በወላጆች ምሽት ክፍሉን ከፍታችሁ ስታሳዩን ግን ዝም አሉ። ልጆቹ የሚሠሩት በቬክስ አይኪው ዕቃ ነው፦ እርስ በርሱ የሚገጣጠም ፕላስቲክ፣ ሞተሮች፣ ሴንሰሮች፣ ሁሉንም የምታዝዝ አንዲት ትንሽ ሣጥን። መምህሩ ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፎ ሮቦቱ 90 ሳንቲ ሜትር ሄዶ እንዲቆም ያዝዛል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው 200 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንግዲህ አራት ዙር ተኩል መዞር አለበት። ይህን ያላሰላ ቡድን ሮቦቱ ግድግዳ ሲገጭ ቆሞ ያያል። ባለ 12 ጥርስ ማርሽ ባለ 36 ጥርሱን ሲያዞር ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይወርድና የማዞር ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ዳገት የሚወጣ ሮቦት የሚፈልገው ይህን ነው። የግራና የቀኝ ሞተሮች ፊታቸውን በተቃራኒ አዙረው ስለሚገጠሙ አንዱ በፕሮግራሙ ካልተገለበጠ ሮቦቱ ወደ ፊት አይሄድም፤ ባለበት ይሽከረከራል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ከዚያ ይከራከራሉ።

እኛን የሳበን ክርክሩ ነው። አንዷ ጥፋቱ የሽቦው ነው ትላለች፤ ሌላው የፕሮግራሙ ነው ይላል። ሦስተኛው አንድ ነገር ለውጠን እንሞክር ይላል። ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም፤ ዝም ያለ ልጅ ሮቦቱ የእሱ አይሆንም። ከዚያ ሁሉም ወደ ኢንጂነሪንግ ማስታወሻ ደብተራቸው ይመለሳሉ፦ ምን ሞከርን፣ ምን ሆነ፣ ለምን ይመስለናል፣ ነገ ምን እንለውጣለን። በሥዕልና በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ቀን ተጽፎበት። ልጆቻችን በየዓመቱ በፈተና የሚወድቁት በመጻፍ ነው ካላችሁን፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጅ በገዛ ፍላጎቱ ምክንያትና ውጤት የሚጽፍበት አንድ ክፍል ቢኖር ይህ ነው። እንግሊዝኛ እንዲማሩ ተብሎ የተዘጋባቸውም ይኸው ክፍል ነው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ልጅ አለን፤ እስከ 6ኛ ክፍል ሳይንስን በአማርኛ ተምሮ የመጣ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ፍጥነት ብትጠይቁት የማያንስ። በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ስኬጁሉ ገና ሳይስተካከል ለጥቂት ቀናት ሮቦቲክስ ክፍል ገብቶ ነበር። ቤት ሲመጣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ አድርጎ ሞተሩ ለምን መገልበጥ እንዳለበት ለእናቱ ያስረዳት ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ትምህርት ቤት ስትጠይቀው የሚመልስላት ትከሻውን ነቅንቆ ነው። ቀናት አለፉና ስኬጁሉ ተስተካከለ፤ ልጁ ወጣ። ማስተካከል የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

እስከ ዛሬ የተሰጡንን ምክንያቶች ሁሉ በጥሞና ሰምተናል፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው፣ “መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይጨርሱ” የሚል ነው። ለትምህርት የሚሆን እንግሊዝኛ በወራት እንደማይገኝ፣ ዓመታት እንደሚወስድ ያስረዳችሁን እናንተ ናችሁ፤ ተቀብለናል። የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ሦስት ዓመት ብቻ ነው። 6ኛ ክፍል የገባች ልጅ እንግሊዝኛውን ስትጨርስ 9ኛ ክፍል ደርሳለች። የሁለተኛ ደረጃ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ደግሞ ልጁ 8ኛ ክፍል እያለ ነው። አንድ ቀን ማርሽ ነክታ የማታውቅ ልጅ ያን ቅጽ በምን ድፍረት ትሞላዋለች? በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሶፊያ የምትባለው ሮቦት ፎቶ ተለጥፏል። ልጆቹ ምናልባት አልተነገራቸው ይሆናል እንጂ በሶፊያ ሶፍትዌር ላይ አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ የሚሠሩ ወጣቶች እጅ አለበት። ለእነዚያም ወጣቶች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ጨርሱና ኑ ያላቸው ግን የለም።

ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። መጋዝና ትኩስ ሙጫ አለ፤ መመሪያው ያልገባው ልጅ ይጎዳል ተብለናል። የልጆቻችን ጣት ከማንም ይልቅ የሚያሳስበን እኛን ነው። መመሪያው በአማርኛ ተተርጉሞ ይሰጣቸው፤ መምህሩ በእጁ ያሳያቸው፤ ከዚያ ፈትኗቸው። ያላለፈ አይንካ። እነዚሁ ልጆች በሳይንስ ክፍል እሳትና ብርጭቆ ይዘው ይሠራሉ፤ እዚያ እንግሊዝኛቸውን አልጠየቃችሁም።

ሦስተኛው የገንዘብና የመምህር ቁጥር ነው። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ አናቃልለውም። የመላው ትምህርት ቤት ስኬጁል እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሞክረናል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ባንዱ በኩል ሲስተካከል በሌላው በኩል እንደሚጋጭ፣ ኦርኬስትራውን ሲያነሡ አልጀብራው እንደሚወድቅ ነግራችሁናል። ሆኖም አንድ ነገር ታዝበናል። የኦርኬስትራ ተማሪዎች ከላቀ ሒሳብ ክፍል ጋር ሲጋጭባቸው ስኬጁሉ እስኪቃና ድረስ ተሠርቷል፤ በኢሜይል አሳውቃችሁናልና እናውቃለን። ስለዚህ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ቀድሞ የሚሠራው የማን ግጭት ነው የሚለው ብቻ ነው የቀረው።

አራተኛውን ምክንያት ለመጨረሻ ያቆየነው ከሁሉ የከፋን እሱ ስለሆነ ነው። ለአንዳንዶቻችን፣ ልጁ ሮቦቲክስ እንዲገባ ከፈለጋችሁ የቋንቋ አገልግሎቱን አንፈልግም ብላችሁ ፈርሙ ተብለናል። ወላጅ አገልግሎቱን እምቢ የማለት መብት በሕግ እንዳለው እናውቃለን። እምቢ ቢልም ትምህርት ቤቱ ልጁን ከመርዳት ኃላፊነቱ ነፃ እንደማይሆን እናውቃለን፤ ይህኛውን ግን ማንም አልነገረንም። ያ መብት የተሰጠን እንድንጠቀምበት እንጂ በሁለት ትምህርቶች መካከል እንድንገደድበት አይደለም። ጎረቤታችን ልጁ ሮቦቲክስ ሲመርጥ በምትኩ ምን ይተዋል ተብሎ አልተጠየቀም። ከእኛ አንድ አባት ፈርሟል። ልጁ አሁን ሮቦቲክስ ይማራል፤ በእንግሊዝኛ ግን ወደ ኋላ እየቀረ ነው። አባትየው አንዱን ደስታ ከሌላው ጭንቀት መለየት አቅቶታል። ሌሎቻችን አንፈርምም፤ ሁለቱም ይገባቸዋልና።

ስለ ትርጉምም ጥቂት እንበል። አንዲት እናት ስለዚሁ ጉዳይ አማካሪዋን ለማነጋገር ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጣች። አስተርጓሚ አልተጠራም፤ ያስተረጎመው የጉዳዩ ባለቤት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ነው። አማካሪዋ በትዕግሥት፣ ወረቀት እያሳየች፣ ረዘም ላለ ጊዜ አስረዳች። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ “ቦታ የለም አለች” አላት። በዚያ አበቃ። ልጁን አንወቅስም፤ በራሱ ላይ የተፈረደውን ፍርድ ለእናቱ እንዲያነብ የተደረገ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይበል? የትምህርት መምረጫ ቅጹም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ይላካል፤ ከትምህርቶቹ ስም በቀር ምን እንደሚሠራባቸው አይገልጥም፤ የመመለሻው ቀን አጭር ነው። ትምህርት ወረዳው በረዶ ሲጥል ትምህርት መዘጋቱን በአማርኛ መልእክት ይልክልናል። ስለ በረዶ የሚተረጉም ስለ ምርጫ መተርጎም አይሳነውም።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስላለው የውድድር ቡድን በአጭሩ። የቡድኑ አባላት የሚመረጡት ከሮቦቲክስ ክፍል ነው፤ ክፍሉ የተዘጋበት ልጅ ቡድኑም ተዘግቶበታል። ቢከፈትለት እንኳ ልምምድ ባለባቸው ቀናት ማታ የሚመልስ አውቶቡስ የለም፤ እኛ ደግሞ በዚያ ሰዓት ግማሾቻችን ታክሲ ላይ፣ ግማሾቻችን የሆስፒታልና የሆቴል ፈረቃ ላይ ነን። በቬክስ አይኪው የቡድን ሥራ ውድድር በዚያው ቀን የተገናኙ ሁለት ቡድኖች በአንድ ሜዳ ላይ 60 ሰከንድ አብረው ይሠሩና ሁለቱም እኩል ነጥብ ይይዛሉ። ከማያውቁት ልጅ ጋር በእንግሊዝኛ ተመካክሮ ስልት መንደፍ የግድ ነው። ከዚህ የተሻለ የንግግር ልምምድ ገንዘብ ተከፍሎበትም አይገኝ።

ስለ ሕጉ ስንናገር በትሕትና ነው። ጠበቃ አልያዝንም። ነገር ግን የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል። በ1974 ላው እና ኒኮልስ በተባለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ቤተሰቦች በአንድ ድምፅ ፈርዷል፤ ቋንቋው የማይገባውን ልጅ ከሌሎች እኩል ወንበርና መጽሐፍ ሰጥቶ መተው እኩልነት አይደለም ብሏል። በዚያው ዓመት የወጣው የእኩል ትምህርት ዕድል ሕግም ትምህርት ቤቶች ልጁ በትምህርቱ እኩል እንዳይሳተፍ የሚያግደውን የቋንቋ መሰናክል ለማስወገድ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ያዝዛል። በ1981 በካስታኜዳ ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ደግሞ የቋንቋ ፕሮግራም የሚለካው በጥሩ ሐሳብ ላይ በመመሥረቱ፣ በቂ መምህርና ዕቃ ተመድቦለት በተግባር በመዋሉና በመጨረሻም ውጤት በማምጣቱ እንደሆነ አስቀምጧል። የቻይናውያኑ በደል ከእኛ የተለየ ነበር፤ እነሱ እርዳታ ተነፍገው ነበር፤ እኛ እርዳታውን አግኝተናል። ዛሬ ልጆቻችን ኢኤስኤል የሚባል ክፍል የገቡት እነዚያ ቤተሰቦች አቤት ስላሉ ነው፤ ውለታቸው አለብን። ነገር ግን እነሱ የጠየቁት ልጆቻቸውን ወደ ትምህርቱ የሚያስገባ በር ነበር። በሩ ራሱ ሌላውን ክፍል የሚዘጋ ከሆነ የተጠየቀው አልተፈጸመም።

እንግዲህ የምንለምነውን እንናገር።

ለሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ሮቦቲክስና ማንኛውም የኢኤስኤል ደረጃ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዳይደረቡ እንጠይቃለን። ከሁሉ የሚሻለው ሁለተኛ የሮቦቲክስ ክፍል መክፈት ነው። ዕቃው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከመደርደሪያ ይወጣል፤ የቀረውን ሰዓት ተቀምጦ ነው የሚውለው። የመምህር ሰዓት ከጠፋ ያለው አንድ ክፍል የቋንቋ ትምህርት ወደሌለበት ሰዓት ይዛወር። የንባብ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ደግሞ ሁለቱንም ምርጫ አይነጠቁ፤ ቢያንስ በግማሽ ዓመቱ፣ ወይም በየሁለተኛው ቀን፣ አንዲት የምርጫ ሰዓት ትተውላቸው።

ሌላም አለን። የኢኤስኤል መምህርቷ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ወደ ሮቦቲክስ ክፍል ገብታ ከመምህሩ ጋር ብታስተምር፣ የኢንጂነሪንግ ደብተሩም እንደ መጻፍ ልምምድ ቢያዝላቸው፣ ሁለቱ ትምህርቶች መጣላታቸውን ትተው ይረዳዳሉ። ይህን ከራሳችን አላመነጨነውም፤ ሁለት መምህራን በአንድ ክፍል ማስተማርን ትምህርት ቤቱ በሳይንስ ትምህርት ላይ ይሠራበታል። የምርጫ ቅጹ ከነማብራሪያው በአማርኛ ይምጣልን፤ በስብሰባም አዋቂ አስተርጓሚ ይቀመጥ፤ ልጅ እንዳያስተረጉም። ስለ አውቶቡሱ የምንጠይቀው ልምምድ ባለባቸው ቀናት ብቻ ነው።

የማንጠይቀውንም ግልጽ እናድርግ። አሁን በክፍሉ ያለ አንድም ልጅ ለእኛ ልጅ ሲባል እንዲወጣ አንፈልግም። እኩል ይሁን ተብሎ ክፍሉ ቢዘጋ ግን ከሁሉም የከፋ በደል ነው፤ ይህን የምንለው በሌላ ቦታ እንዲህ ሲደረግ ስለሰማን ነው። የተለየ ፈተና፣ የተለየ ነጥብ፣ የተቀነሰ መመዘኛ አንሻም። መምህሩ የወደቀውን ይጣል።

ከዚህ በታች የፈረምነው ሁላችን አይደለንም። አንዳንድ ቤተሰቦች በመኖሪያ ፈቃዳቸው ጉዳይ ስለሚሰጉ ስማቸውን በማንኛውም ወረቀት ላይ ማኖር ፈርተዋል። በ1982 በፕላይለር ጉዳይ የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የልጅ የትምህርት መብት ከመኖሪያ ወረቀት ጋር እንዳይያያዝ እንዳደረገ ነግረናቸዋል፤ ፍርሃት ግን በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ አይለቅም። አለመፈረማቸው ረክተዋል ተብሎ እንዳይተረጎም፣ የፈረምነውም በልጆቻችን ላይ ፊት እንዳይጠቆርብን አደራ እንላለን።

የሚቀጥለው ዓመት ስኬጁል የሚሠራው በጸደይ ወራት መሆኑን፣ ከተዘጋ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ ለከርሞ እንደሚባል እናውቃለን። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንዳይሆንብን ነው አሁን የጻፍነው። ስለዚህ የጽሑፍ መልስዎን በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ ስኬጁሉ ከመዘጋቱም በፊት፣ እንጠብቃለን። መልስ ካላገኘን ወይም መልሱ አይቻልም ብቻ ከሆነ ጉዳያችንን በቅደም ተከተል ለትምህርት ወረዳው ቦርድ፣ ከዚያም ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት እናቀርባለን። ለዚያ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ አቤቱታ የ180 ቀን ገደብ እንዳለበት ስለምናውቅ ቀኑን ቆጥረን ይዘናል። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ወደዚያ ሳንሄድ ከእርስዎ ጋር ብንጨርሰው እንመርጣለን፤ ስንሄድም ሳንነግርዎ የሄድን እንዳይመስልዎ ብለን ነው።

ለመነጋገር ፈቃደኛ ከሆኑ የጠዋቱ ሰዓት ይመቸናል፤ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት ወደ ቤት ሳይገቡ፣ የቀን ሠራተኞቹም ልጆች ካደረሱ በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። ከእኛ ሦስት ሰዎች ተወክለው ይቀርባሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ አገር ቤት የፊዚክስ መምህርት የነበረች ናት፤ ለሮቦቲክስ ክፍሉ በፈቃደኝነት ለማገዝ ዝግጁ መሆኗን እንድንጽፍ ጠይቃናለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አመልካቾቹ ወላጆችና አሳዳጊዎች

(የፊርማ ዝርዝር በተለየ ወረቀት ተያይዟል)